ለወንድሜ ያሰርኳቸው ዝንቦች

በፈረንጆቹ 2020 ክረምት፣ ካምፓላን ዘጋግተው ቤት ባስቀመጡን ጊዜ፣ ታላቅ ወንድሜ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀብሮ ነበር። እኔ ደግሞ ማኬሬሬ ኮረብታ ቁልቁለቱ ላይ ባለችው ቤታችን ተቀምጬ ለእሱ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እመርጥ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች። ጎረቤት ያውቃል። ካምፓላ ያለው የምንተዋወቅ አበሻ ሁሉ ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ወንድሜ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው በየበረሃው መንገድ ሲለካ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ካገኘው ወንዝ ዳር ትልና መንጠቆ ይዞ ይቀመጣል። እኔ በላባ ማጥመድ የተማርኩት ኡጋንዳ መጥቼ ነው። ላባና ፀጉር መንጠቆ ላይ በክር ይታሰርና ውሃ ውስጥ ሲገባ ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ ይመስላል። ስሙም ዝንብ ነው፣ ምንም ቢመስል። ይህን በስልክ ስነግረው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «እኔ ሥጋ ሰጥቼው የሚኮራብኝን ዓሣ አንተ በትራስ ላባ ልትሸውደው ነው?» አለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ። ኢንቴቤ አየር ማረፊያ ሲከፈት ይምጣና በምዕራብ በኩል ጫካ ውስጥ ወደሚያልፈው ወንዝ እወስደዋለሁ፣ ያኔ እንተያያለን ተባባልን።

የሞተው በሥራ ላይ ነው፤ የተሳፈረባት መኪና ተገልብጣ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌና ወዳጅ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው አጠገብህ ይቆማል፣ ከዚያ ተነስተህ ወደ ለቅሶው ትሄዳለህ። በዚያ ክረምት ግን አውሮፕላን የለም፣ መሰብሰብም ክልክል ነው። «ቢሰማ መሄጃ የለው፣ እዚያ ብቻውን ያብድብናል፤ እስኪከፈት ሆድ ይፍጀው» ብለው ቤተሰቡ ተስማሙ። ለእኔ የተነገረኝ ኔትወርክ የሌለበት ጫካ ውስጥ አዲስ መንገድ ሊቀይስ እንደገባ ነው። አገር ቤት ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለነበር አመንኩ። ወንድሜ ከዚያም በፊት ለሳምንታት ይጠፋ ነበር።

እናም መረጥኩ። ጫካ ውስጥ ያለ ወንዝ እንደ ሐይቅ አይደለም። ዛፉ ከላይ ይደፋብሃል፣ ከኋላህ ሐረግ አለ፣ ክሩን ወደ ኋላ ዘርግተህ የምትወረውርበት ቦታ የለም። ስለዚህ ረጅምና ቀጭን የማጥመጃ ዘንግ ትቼ አጠር፣ ጠንከር ያሉ ሁለት ዘንጎች ያዝኩ። የምንፈልገው ዓሣ ታይገርፊሽ የሚሉት ጥርሳም ነው፤ ተራ ክር እንደ ፓስታ ይቆርጠዋል። ከመንጠቆው በላይ የሚታሰር ቀጭን ሽቦ ፍለጋ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የማውቃቸውን ጋራዦች ሁሉ በስልክ አዳረስኩ። ውሃው ሲደፈርስ ጥቁር ዝንብ ይሻላል፣ ሲጠራ ነጭ። ወንድሜ ትዕግሥት የለውምና የእሱን ዝንቦች ከበድ አድርጌ፣ ቶሎ እንዲሰምጡለት፣ ጭንቅላታቸው ላይ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ እጠቀልልባቸው ነበር።

ላባው ነው ያስቸገረኝ። ከውጭ የሚመጣው ቀረ። ያን ጊዜ ለዚህ ሥራ ፈረንጆቹ አብዝተው የሚወዱት ላባ የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ መሆኑን አስታወስኩ፤ ነጭና ጥቁሩ ተሰባጥሮ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ዋንዴገያ ገበያ ዶሮ የሚሸጥ ደንበኛ ነበረኝ፣ ደወልኩለት። ቦዳ የሚሉት የሞተር ሳይክል ታክሲ ሰው መጫን ተከልክሎ ዕቃ ብቻ ያመላልስ ነበርና ዶሮው እንደ ባለሥልጣን ብቻውን ቦዳ ተሳፍሮ መጣ። «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ ይሄ ሲጮህ ነው የመጣው፣ ፖሊሱ ሁሉ ሳቀብኝ» አለኝ ሾፌሩ።

ጎረቤታችን የሆነች የአገሬ ልጅ ዶሮውን ስታይ ክው አለች። እኛ አገር ገብስማ መርጦ የሚፈልግ ሰው ወይ ዛር አለበት ወይ ጠንቋይ ቤት ደርሶ መጥቷል። ባለቤቴን ጓዳ ስባ «ውቃቢው ነግሮታል፣ የወንድሙን ሞት አውቋል፣ ለእሱ ደም ሊያፈስለት ነው» አለቻት። በኋላ ነው የነገሩኝ። ያኔ ያየሁት ሁለቱ ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ ብቻ ነው። ለዶሮው ያዘኑ መስሎኝ «አይዟችሁ፣ ወጡን አብረን እንበላለን» ብዬ ቀለድኩ። ጎረቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሮጣ ወጣች።

ባለቤቴ ከእኔ ጋር ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ ነበር። ዝንቡ ትንሽ እንዲያብለጨልጭ ስፈልግ ከቀሚሷ ጥለት የተረፈውን ሳባ ክር አውጥታ ሰጠችኝ። ጣቶቿ ከእኔ ይሻላሉ፣ ቋጠሮዋ አይላላም።

«ይሄኛው ለማን ነው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ለእሱ። ያምራል አይደል?»

«ያምራል» አለችኝና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

አሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ውሸት አልተናገረችም። ያምር ነበር።

ኤምባሲው ባመጣው አውሮፕላን ኡጋንዳን ለቆ የሚሄድ አንድ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ፣ ወንዝ ውስጥ የሚቆሙበት፣ ድንጋይ ላይ የማያንሸራትት ጫማ አገኘሁ። የወንድሜን ቁጥር ስለማላውቅ እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ የእሱ እግር ስንት ቁጥር ነው?» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ።

«አርባ ሦስት» አለችኝ። «ግራው ትንሽ ይበልጣል። ሰፋ ያለውን ውሰድለት።»

ከዚያ መረቀችኝ። ወንድማማችነታችሁን ይባርክ አለች። እኔ ጫማውን ገዝቼ፣ በጨርቅ ወልውዬ ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩት።

አየር ማረፊያው በተከፈተ ሰሞን በራችን ሊነጋጋ ሲል ተንኳኳ። የሰዓት እላፊው ገና አላበቃም፣ ማን ደፍሮ መጣ ብዬ ወጣሁ። ለካ መርዶ ነጋሪዎቹ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይችሉ ከማታ ጀምሮ ጎረቤታችን ቤት ወለል ላይ አድረው ነው የመጡት። ሁሉም ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀዋል። የእድራችን ሽማግሌ ክንዴን ያዙኝ።

«በርታ ልጄ። ወንድምህ አርፏል።»

«መቼ?» አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ።

«መቼ ነው አባባ? ይንገሩኝ እንጂ።»

«ሰነባብቷል» አሉኝ።

ከወንድሜ ሞት እኩል ያቺ ቃል ገደለችኝ። አርባው ወጥቷል ማለት ነው። ዘመድ ፍራሹን አንስቶ ወደ ሥራው ተመልሷል ማለት ነው። ባለቤቴን ዞር ብዬ ሳያት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሌሊቱን ተኩሳው ኖሮ እጥፋቱ እንኳ ሳይበላሽ፣ ቆማ ታየኛለች። አብረውኝ አለቀሱ፣ አይካድም፤ ከልባቸው አለቀሱ። ግን የእነሱ ለቅሶ በእኔ ማዘን ነበር። የወንድሜን ሞት የጀመርኩት ሁሉም ሲጨርስ ነው፣ ልደርስባቸውም አልችልም ነበር።

ሰዎቹ ሲቀመጡ ጓዳ ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ የወጣኝ እንባ ሳይሆን ቁጣ ነው።

«እማዬ፣ እንዴት አስቻለሽ? ስጠይቅሽ እንዴት አስቻለሽ?»

«ሰማህ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ይለኛል። አንተ ብቻ ነህ ደውለህ መቼ ይመጣል የምትለኝ። አንተ ስትደውል ልጄ በረሃ ነው፣ ሥራ ላይ ነው፣ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ስልክህን እጠብቅ ነበር።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

«አሁንማ አንተም ሰማህ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል?»

ከዚያ ጮኸች። ከኋላዋ የቤቱ ሴቶች እየሮጡ ሲመጡ ይሰማኝ ነበር። «ምነው? ምን ሰማሽ? ደግሞ ማን ሞተ?» ይሏታል።