የደንገጎው ለምለም ድንጋይ

ልጅ እያለሁ መቀመጥ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። ለወግ አይደለም የምለው። እማዬ ምሳ የምታበላኝ የቀሚሴን ጫፍ ጉልበቷ ሥር ደፍጥጣ ነው፤ ከለቀቀችኝ ሄድኩ። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ደብተሬን በመስኮት ወርውሬ በቀጥታ ድሬን አቋርጦ ወደሚያልፈው ወደ ደቻቱ ነው። በበጋ ደቻቱ ለእኛ ሜዳ እንጂ ወንዝ አልነበረም። አሸዋው ስለሚጠብስ በባዶ እግሩ የቆመ ይሸነፋል፤ ስለዚህ ማንም አይቆምም፣ እንደ ፌንጣ እየዘለልን ነው ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው። የኔ ዘመን ልጆች ያንን ሽታ ታስታውሱታላችሁ፤ የጋለ አሸዋ፣ የግመል፣ ከባቡር ጣቢያው በኩል የሚመጣ የተቃጠለ ዘይት። አረንጓዴ ነገር ግን ከከዚራ ሰፈር ዛፎች በቀር እምብዛም አናውቅም፤ እነሱም ዝናብ እስኪያጥባቸው ድረስ አቧራ ለብሰው ነበር የሚቆሙት።

አባባ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከዚራ አንድ በረንዳ ሥር ከሱ ሌላ ሰው የማታስገባ ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ እኛ "መስኮቷ" ነበር የምንላት። ከጀርባው ከቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ የጃንሆይ ፎቶ፣ ከፊቱ በነጭ ጨርቅ ላይ የተዘረጉ የሰዓት ሆድ ዕቃዎች። የባቡር ሰዎች የኪስ ሰዓታቸውን ለሌላ ሰው አይሰጡም። ጥቁሯን ማጉያ መነጽር አንድ ዓይኑ ላይ ገጥሞ ሲጎነበስ ትንፋሹ ራሱ የሚቆም ይመስለኝ ነበር። አጠገቡ ብዙ አልቆይም፤ ዝምታው ያሳክከኝ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የባቡር ተቆጣጣሪ ተመልሶ መጣ። "ጋሼ፣ ትናንት ሠርተህ የሰጠኸኝ ሰዓት አዋሽ ሳንደርስ ቆመ" አለው። አባባ ከፈተው። ከፀጉር የምትቀጥነው ጥቅልል ሽቦ ተጣማ ነበር፤ ያጣመማት የሱ መቆንጠጫ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰዓት ተመለሰ። አባባ ሐኪም ዘንድ ሄደና የሰማውን ማታ ራት ላይ ነገረን፤ ክረምቱን ሙሉ ሰዓት እንዳይነካ፣ ዓይኑን እንዲያሳርፍ፣ ካልተመለሰለት ሌላ ሥራ እንዲያስብ። አባባ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። እማዬ ሳህኑን አንስታ ወጣችና ሳታጥበው ብዙ ቆየች።

ከመስኮቷ ጎን ጨርቅ የምትሸጥ ሐሊማ የምትባል ሶማሌ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ምክር የሚቀበላት፣ ባይቀበላትም የምትሰጥ።

"አባዮ" አለቻት እማዬን፣ እህቴ እንደማለት ነው፣ "የባልሽን ዓይን ብረት በላው። አረንጓዴ አሳዪው፣ ወላሂ ይድናል። የኛ ግመል ጠባቂዎች ዓይናቸው ሲደክም ዝናብ የዘነበበት አገር ሄደው ሣር ሲያዩ ነው የሚከርሙት።"

"ግመሉ ነው የሚድነው ጠባቂው?" አላት አባባ።

"አንተ ከግመል ትበልጣለህ እንዴ? ግመል እኮ ሰዓት ሳያይ በሰዓቱ ይደርሳል!"

በረንዳው ሙሉ ሳቀ። አባባም ሳቀ፤ ግን ነገሩን ይዞት ቤት ገባ። ከዚያ የራሱን ጨመረበት። ሌላ ሰው ቢሆን አረንጓዴ ተራራ፣ አረንጓዴ ሜዳ ነበር የሚያየው። አባባ ግን "የኔ ዓይን ሩቅ መች ያውቃል? የለመደው ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ አረንጓዴ ነው የሚያስፈልገው" አለ። የደከመ ዓይን በደከመበት ሥራ ይድናል ብሎ የሚያስብ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው። ያኔ ግን ማናችንም ስህተት ነው አላልንም። እንዲያውም ብልሃት መሰለን።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔና እሱ ከድሬ በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ደንገጎ ወጣን። ወተት የምታመጣልን አዴ ኻዲጃ፣ አዴ እናት እንደማለት ነው፣ እዚያ ቤት ነበራት፤ "ኑ፣ ቤቴ ሰፊ ነው" ካለች ቆይታ ነበር። የጭነት መኪናው በጠመዝማዛው መንገድ እያቃሰተ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላችን እንደ ልብስ ወለቀ። ጭጋግ መጀመሪያ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ከአፌ ጭስ ሲወጣ ደንግጬ አፌን ያዝኩ፤ አዴ ኻዲጃ ጎኗን ይዛ ሳቀች። "ኢንተላ፣ አልተቃጠልሽም፣ ብርድ ነው!" አለችኝ። ኢንተላ በኦሮምኛ ልጅት ማለት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሌላ ስም አልጠራችኝም።

ከቤቷ በታች ጥድና ሾላ የሞላበት ሸለቆ ነበር። ፀሐይ ወደዚያ የምትገባው በቁርጥራጭ ነው። ከሥር ምንጭ ይንጠባጠባል፤ እርጥብ እንጨት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ጥሬ አፈር ይሸታል። እምንጩ ዳር የበሬ ጀርባ የሚያህል ድንጋይ ነበር፤ ከላይ እስከታች አረንጓዴ ለብሷል። አባባ ኮቱን አነጠፈና በሆዱ ተኛ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ገጠመ። እኔ ሳልቆም ሳልቀመጥ ዙሪያውን ስሽከረከር፣ "ነይ፣ ተኚ" አለኝ። "ምንም የለም እኮ፣ ድንጋይ ነው" አልኩት። "ነይ አልኩሽ።"

ማጉያውን ሰጠኝ። መጀመሪያ ብዥታ ብቻ ነበር። "አትቸኩይ፤ ራስሽን ቀስ አድርገሽ አቅርቢው" አለኝ። አቀረብኩት። ምንጣፍ የመሰለኝ አረንጓዴ ጫካ ሆነ። እያንዳንዱ ክር ዛፍ ነበር፤ ቅጠሎቹ እንደ ኮከብ ተዘርግተዋል፣ በየቅጠሉ መሃል ከመርፌ ዓይን የማይበልጥ ጠብታ ውሃ አለ። ከመሃላቸው ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ቆብ ያደረገች ትንሽ እንቁላል የመሰለች ነገር። አንዷን ቆብ በጥፍሬ ገፋሁት፤ ከሥሩ ዙሪያውን ጥርስ ያለው አፍ ወጣ። ልክ እንደ ሰዓት መዘውር። ጮህኩ።

"ጥርስ አለው አይደል?" አለ አባባ። ደስ ብሎት ነበር። እኔም።

ወደ ውሃው ጠጋ ስንል ሌላ ዓይነት አገኘን። ግንድም ቅጠልም የለውም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ምላስ ድንጋዩን ይልሳል፤ ቆዳው እንደ እንሽላሊት ሆድ በትንንሽ ቤቶች ተከፋፍሏል። ላዩ ላይ ስኒዎች ነበሩት። አዎ፣ ስኒዎች፤ ጠርዛቸው ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ውስጣቸው ከምስር በጣም የሚያንሱ አረንጓዴ ክቦች የተቀመጡባቸው። "ዝናብ ጠብ ሲል እየተፈናጠሩ ወጥተው ሌላ ቦታ ይበቅላሉ መሰለኝ" አለ አባባ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ግን ጠብታ ውሃ ከጣቴ ስጥልበት አንዷ ፈንጠር ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ተቀመጪ የሚለኝ አላስፈለገም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ጠርተውኝ አልሰማሁም።

ውሃ ለመቅዳት የሚወርዱት ልጃገረዶች እኛን ሲያዩ ማድጋቸውን አውርደው ይስቃሉ። "የድሬ ሰው ድንጋይ ያሸታል!" አለች አንዷ። "አያሸትም፣ ይግጣል" አለች ሌላዋ፣ "ከተማ ምግብ ጠፍቶ ነው።" እኔ ለመሳደብ ብድግ ስል አባባ እግሬን ያዘኝና ለልጅቷ ማጉያውን ዘረጋላት። ተጎንብሳ አየች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ጓደኛዋን "ላሊ፣ ላሊ!" ብላ ጎተተቻት፤ እዪ እዪ ማለቷ ነው። ማድጋው ሳይሞላ ቀኑ ተጋመሰ፤ አዴ ኻዲጃ ከላይ ሆና የሁላችንንም ዘር ማንዘር ስትረግም እሰማለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት አባባ ነበር የሚያየው፤ አይቶ ይነግረኛል፣ እኔ ቀጥዬ አያለሁ። በኋላ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። "አንቺ ቅደሚ፣ ምን አለ ዛሬ?" ይለኛል። እነግረዋለሁ። "ቀዩ ዘንግ ቆቡን ጥሏል?" ጥሏል። "ስኒው ውስጥ ስንት ቀርቷል?" ጥቂት። "በቀኝ በኩልስ?" በጠየቀኝ ቁጥር የማላየውን እያየሁ መጣሁ። ሊያስተምረኝ መስሎኝ ነበር፤ ኮርቼ ነበር። ከዚያ ማጉያውን ይወስድና ጎንበስ ብሎ፣ እኔ ያልኩትን አንድ በአንድ እየደገመ፣ "እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው" ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዴ ኻዲጃ ጋር ወተት ይዛ ለምትወርደው የጎረቤት ልጅ "ለባለቤቴ ዓይኔ እየተመለሰ ነው በያት" ይል ነበር። እማዬም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ መስኮቷን ጠርጌያታለሁ" ብላ መለሰችለት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አደረ። ጠዋት አዴ ኻዲጃ ስታልብ ጥጃ እየያዝኩ ዘገየሁ፤ አባባ ቀድሞኝ ወደ ሸለቆው ወርዷል። መንገዱን ለምዶታል፣ ግንዱን እየዳበሰ ይወርዳል። ስደርስ ምንጩ ደፍርሶ ያጓራል፤ ከላይ ጠጠርና ግንድ አውርዶ ሄዷል። አባባ እንደ ወትሮው ኮቱ ላይ ተኝቷል፣ ማጉያው ዓይኑ ላይ ነው። የእግሬን ድምፅ ሰማና ቀና ሳይል መናገር ጀመረ።

"ነይ ነይ፣ ዛሬማ አምሯል። ዝናቡን ጠጥቶ ቀና ብሏል። ጥርሶቹ ከትናንቱ ጎልተዋል፣ እዚች ጋ ያሉት ስኒዎች ደግሞ..."

ድንጋዩን አየሁት። ጎርፉ አረንጓዴውን እንደ በግ ቆዳ ገፎ ወስዶታል። ከአፍንጫው ሥር ያለው ራቁቱን የቀረ፣ ግራጫ፣ የታጠበ ድንጋይ ነው። አንድ ክር እንኳ የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ይሆናል። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም፣ ዛሬም አልችልበትም።

"አባባ" አልኩት፣ "ድንጋዩ ባዶ ነው።"

ማጉያውን አወለቀ። እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን ነካው፤ በመዳፉ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ ዳበሰው። የሰዓት ሠሪ ጣት ነው፣ አይሳሳትም። እጁን እዚያው አሳረፈ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?" አልኩት።

"ጥርሱን? ከመጣን ብዙም ሳይቆይ።"

"ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?"

"አልዋሸሁሽም ሙሉዬ። አንቺ ስትነግሪኝ ይታየኝ ነበር። ዛሬም ታይቶኝ ነበር እኮ፤ አሁን እስክትናገሪ ድረስ።"

ያኔ አለቀስኩ። አላባበለኝም፤ ተንቀሳቅሶ ኮቱ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። አዴ ኻዲጃ ትኩስ ወተት ይዛ ስትወርድ ሁለታችን ባዶ ድንጋይ ላይ አፍጥጠን አገኘችን። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ወተቱን እጁ ላይ አድርጋ ጣቶቹን በጣሳው ዙሪያ አጠፈችለት፣ ከጎናችንም ተቀመጠች።

በማግስቱ ወደ ድሬ ወረድን። አባባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመ፣ ለእማዬ ራሱ ነገራት። ሐሊማ የሰማች ቀን ሱቋን ዘግታ መጥታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ምክርም አልሰጠች። መስኮቷን ሌላ ሰው ሲጋራና ክብሪት ሊሸጥባት ተከራያት። እማዬ ከሐሊማ ጨርቅ እየወሰደች ስፌት ጀመረች፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩት በዚያ መርፌ ነው። ባዮሎጂ መምህራችን አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ "ሞስ" ብሎ ጽፎ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅል፣ ጥቅም የሌለው ታናሽ ተክል መሆኑን ነግሮን ወደሚቀጥለው አለፈ። እጄን አውጥቼ ነበር፤ ደወል ተደወለ።

ዘንድሮ ለሥራ ወደ ሐረር ስሄድ ደንገጎ ላይ ወረድኩ። አዴ ኻዲጃ ሞታለች። ጥዱ ለከሰል አልቋል፣ ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ እንደልቧ ትገባለች፣ ምንጩም በቧንቧ ታስሯል። ያኔ ጭጋግ ሲያስደነግጠኝ የነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ ላቤን ጠረግኩ። ድንጋዩን ለይቼ ማግኘት አልቻልኩም። ስመለስ ለአባባ እንዳለ ነገርኩት፤ ማስዋብ አላውቅም። ራሱን ነቀነቀና "ልጃገረዶቹስ ውሃ ከየት ይቀዳሉ?" አለኝ።

አሁን ምንም አያይም። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከቢሮ እስክመለስ ይጠብቀኛል፤ ጫማዬ ሲሰማው "ዛሬ ምን አየሽ?" ይላል። መጀመሪያ ላይ "ምንም" እል ነበር። እውነቴን ነበር፤ እየሮጥኩ ሄጄ እየሮጥኩ ስለምመለስ ምንም አላይም። ያኔ እማዬ በቀሚሴ፣ እሱ በእግሬ ይዘው ነበር የሚያስቆሙኝ፤ አሁን የሚይዘኝ የለም፣ እኔው ነኝ በገዛ እግሬ የምቆመው። ትናንት ደቻቱ ሞልቶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሰው እየገፈተረኝ ቆምኩና ያየሁትን ሁሉ ቤት ገብቼ ነገርኩት፤ የውሃውን ቀለም፣ የተነቀለውን ግራር፣ ግራሩ ላይ ተቀምጣ የምትወርደውን ወፍ። ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ ሰማኝ፤ ከዚያም "ድልድዩ ሥር ስትደርስስ በረረች?" አለኝ።

እሱን አላየሁም ነበር። ወደ ሌላው የድልድዩ ጠርዝ አልተሻገርኩም። አላየሁም አልኩት። "ነገ እዪልኝ" አለኝ፣ ውሃውም ወፏም እስከ ነገ የሚቆዩ ይመስል። እሺ አልኩት።