የህልም ፈቺዋ ህልም

ዛሬ ጠዋት አከራዬ እማማ የሺ በሬን አንኳኩተው «ህልም ፍችልኝ» አሉኝ... እኔን!

የሰፈራችንን የሹም አቦን ህልም ሁሉ የሚፈቱት እኮ እሳቸው ናቸው። ደግሞ ክፉ ፍቺ የሚባል አያውቁም። ጥርሴ ሲረግፍ አየሁ ስላቸው «ጭንቀትሽ ነው የረገፈ» አሉኝ። እባብ አባረረኝ ስላቸው «የሥራ እድገት ነው» አሉኝ። ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ እድገቱ ግን የለም። «ህልም እንደ ፈቺው ነው» እያሉ ሰፈሩን ደስ አሰኝተው ይውላሉ።

የራስን ህልም ለራስ መፍታት ግን አይሆንም ባይ ናቸው።

«እማማ፣ ዛሬ እኮ የዓይን ቀጠሯችን ነው! ባጃጁ እየመጣ ነው» አልኋቸው። የዓይናቸው ሞራ እንዲገፈፍላቸው ስንት ወር ተራ ጠብቀናል።

«አልሄድም» ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የቀጠሮ ወረቀቱንም መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ለካ በህልማቸው ሟች ባላቸውን ጋሽ አያሌውን አይተዋል። ጣና ዳር ታንኳ ላይ ቁጭ ብለው «ነይ እንሂድ» ይሏቸዋል።

የሞተ ሰው ነይ ሲል ምን እንደሚባል እኔም አውቃለሁ። ምን ብዬ ልፍታው? ዝም ከምል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«እኔማ... ቆየኝ፣ ወጡን ላውርድ አልሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሽንኩርቱን ገና እየከተፍሁ ነው የነቃሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። «እማማ የሺ! ሽንኩርቱ ያልተከተፈ ወጥ መቼ ሊወርድ ነው? ገና ብዙ ይኖራሉ ማለት ነዋ!»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«በቁሙም እንዲሁ ነበርሁ እኮ ልጄ። ለሠርግም ለለቅሶም ስንወጣ አርባ ዓመት ሙሉ በር ላይ አቁሜዋለሁ። አንድ ቀን ጥሎኝ ሄዶ አያውቅም።» እንባቸውን ጠረጉ። «የሞተ ለታ ብቻ ነው ያልጠበቀኝ።»

አሁን ደግሞ የማለቅሰው እኔ ሆንሁ። እሳቸው ግን የባጃጁን ጥሩምባ ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«በይ ተነሽ! ልብሴን ልቀይር፣ ቆየኝ በይው።»

ሃያ ደቂቃ አቆሙን።

ይህን የምጽፈው ከሕክምናው ክፍል በር ላይ ሆኜ ነው። አሁን ገብተዋል፤ ሲገቡ የቀጠሮ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ነው።

ጋሽ አያሌው... መጠበቁን እንደሆነ እርስዎ ለምደውታል። እኛ ገና አልጠገብናቸውም።