የሰይድ ቀኝ ጆሮ

ይህን ጉዳይ ለሚስቴ አልነገርኳትም። ከንስሐ አባቴም ደብቄዋለሁ፤ ሌላ ሌላውን እየዘረገፍኩ ይችን ግን ከምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። ስናገራት የኖርኩት ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱም የማይሰማ ጆሮ ነበር። እናንተ የምታነቡኝ እንግዲህ ሁለተኛ ሰሚዎቼ ናችሁ። ፍረዱብኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

ሰይድና እኔ፣ እሱ ከወሎ እኔ ከአዲስ አበባ በዲቪ አትላንታ እንደገባን፣ ሥራ ያገኘነው በአንድ የቤዝቦል ቡድን መልበሻ ክፍል ውስጥ ነበር። የተጫዋቾቹን ልብስ እናጥባለን፣ ከጫማቸው ላይ ጭቃ እንፈቀፍቃለን፣ ፎጣ እናጥፋለን። ያን ጊዜ እንደ ዛሬው በየኪሱ ካሜራ ያለው ስልክ የለም፤ በዚያ ክፍል የሚሆነው እዚያው ይቀራል። የሚሆነውም ጉድ ነው። አንዱ የሌላውን ጫማ ከወለሉ ጋር በምስማር ይቸነክራል። ባለ ጫማው ሊራመድ ሲል በአፍጢሙ ይደፋል፤ ሳቅ በሳቅ ይሆናል፤ እሱም ተነስቶ አጠገቡ ያገኘውን በቡጢ ይላል። ጥርስ ይወልቃል። ከዚያ ተቃቅፈው ሊጫወቱ ይወጣሉ። ለጡንቻ ሕመም የሚቀባውን የሚያቃጥል ቅባት ደግሞ የሰው የውስጥ ሱሪ ውስጥ ይለቀልቃሉ። አንድ ቀን አሰልጣኙ በዚያ ቅባት ተለብልቦ፣ ራቁቱን በረዶ የሞላ ገንዳ ውስጥ ሲዘል አይቼ፣ አልዋሽም፣ እንባዬ እስኪመጣ ስቄአለሁ።

የሁሉም አውራ በግራ እጁ የሚመታ ግዙፍ ሰው ነበር። ሰይድ ገና ባየው ቀን ግራኝ ብሎ ስም አወጣለት። ግራኝ ሲናደድ ጥርሱን ገልጦ ነው፤ የማያውቀው ሰው ደስ ያለው ይመስለዋል። ጨዋታ በተከታታይ ሲሳካለት ከማሊያው ሥር የሚለብሳትን ካናቴራ አያሳጥብም፤ ዕድሌ አብሮ ይታጠባል ይላል። በአትላንታ የበጋ ሙቀት ካናቴራዋ ሸትታ ሸትታ፣ ጠቁራም ብቻዋን ልትቆም ደርሳ ነበር። ሰይድ አፍንጫውን ይዞ፣ የኛ አገር ጠንቋይ እንኳ ልብሱን ያሳጥባል እያለ ያስቀኛል። ግን አንድም ቀን አልነካትም። እኔንም አደራ እንዳትነካበት ብሎኛል።

ነካኋት። እኔ ነኝ የነካኋት።

ምክንያት አለኝ። ምክንያት ያጣ በደለኛ የት አለ? አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ጫማ ስጠርግ ግራኝ የጫማዬን ክር በክብሪት ለኮሰው። ይህም የተለመደ ቀልዳቸው ነው። እሳቱ ግን ወደ ሱሪዬ ወጣ፤ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ተላጠ። እኔ እያቃሰትኩ ስዘል እነሱ እያጨበጨቡ፣ ደግመህ ጨፍር አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ካናቴራዋን ከልብስ ሳጥኑ፣ ከሎከሩ አውጥቼ በረኪና ውስጥ ነከርኳት። ወተት እስክትመስል አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ መለስኩለት። ስመልሳት ደስ ብሎኝ ነበር።

ግራኝ ከጨዋታው በፊት ሎከሩን ከፈተ። ካናቴራዋን አንጠልጥሎ፣ ጥርሱን ገልጦ ወደ ሁለታችን መጣና ይህን ያጠበው የትኛችሁ ነው አለ። ሰይድ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ አይሰማም፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ካናቴራዋም ነጥታ ስለነበር አላወቃትም። ምን አለ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ልብስ አጥበህ ጨረስክ ወይ ነው የሚልህ» አልኩት። «ደስ ብሎታል። የስ በለው።»

ሰይድ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «የስ ሰር» አለ።

የመጀመሪያው ቡጢ ቀኝ ጆሮው ላይ አረፈ። ሰይድ ከብረት ሎከሩ ጋር ተላተመ፤ ሳይወድቅ ግራኝ ፀጉሩን ጨምድዶ እዚያው ላይ ደገመው፣ ሰለሰው። ከጆሮው ደም ፈሰሰ። መሬት ሲወድቅ ሹል ብረት ባለው ጫማ ጎኑን ረገጠው። ሰይድ ይጣራ የነበረው የኔን ስም ነው። ታዴ ንገረው፣ ታዴ ንገረው እያለ። እኔ ምን አደረግኩ? ፎጣ አጠፍኩ። እጄ ላይ ፎጣ ነበር፤ እሱን አጥፌ ሌላ አነሳሁ። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ደሙን ሲያዩ ግን ተረባርበው ግራኝን ያዙት። እነሱ ከኔ ተሻሉ።

በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ሰይድን ምን ሆነህ ነው አለው። ሰይድ ያለ ጥፋቴ ደበደበኝ ብሎ አለቀሰ። እኔ በሳሙና አዳልጦት ወድቆ ነው ብዬ ተረጎምኩ። ኃላፊው እውነቱን ሳያውቅ አልቀረም፤ ለሁላችንም የተመቸችን ግን የኔ ሳሙና ናት። የመጀመሪያውን ውሸት በፍርሃት ነው ልበል። ሁለተኛውንስ ምን ልበለው? ከዚያ ደግፌ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ እሱም የሚያስታውሰው ይህን ነው።

ይኸው ልጆቻችን ተወልደው እስኪዳሩ ሰይድ በየድግሱ ይህን ያወራል። ያ እብድ ሊገድለኝ ነበር፣ ታዴ ባይኖር አልቆልኝ ነበር ይላል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ዛሬ ሁለታችንም ከአትላንታ ወጣ ብሎ ኮንየርስ የሚባል ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ እንሠራለን። ዓይኔ ደክሞ መንዳት ስለተውኩ ከሚኖርበት ከማሪዬታ ሲመጣ፣ ቤቴ ያለበት ስማይርና ላይ እኔን ይጭነኛል። እሱ መሪው ላይ፣ እኔ በቀኙ፣ በማይሰማው ጆሮው በኩል። ሬዲዮውን ከፍ አደርግና ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ እኔ ነኝ ሰይድ፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ እላለሁ። አንዳንዴ ከንፈሬን አይቶ ምን አልክ ይለኛል። የምንወጣበት ኤግዚት እንዳያልፍህ ነው ያልኩ እለዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቀኝ ጆሮው ላይ ባቄላ የምታህል መስሚያ ሰክቶ መጣ። ሐኪሙ ጆሮህ ደክሟል እንጂ አልሞተም ብሎታል።

«ታዴ፣ ወላሂ ሁሉን እሰማለሁ፤ ስታጠፍ የብሊንከሩን ቀጭ ቀጭ ሳይቀር» አለኝና ሬዲዮውን ኦፍ አደረገው። «እስቲ ያን የምታጉተመትመውን አውራኝ፤ ምን ስትል እንደኖርክ ልስማ።»

ነገርኩት። ካናቴራዋን፣ በረኪናውን፣ የስ በለው ማለቴን፣ ሳሙናዋን። አላቋረጠኝም፤ ፍጥነቱንም አልቀነሰም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ያኔ ስጠራህ ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት።

መስሚያዋን ከጆሮው ነቅሎ በመካከላችን ካለው የስኒ ማስቀመጫ ውስጥ ጣላት። ኮንየርስ እስክንደርስ በዚያው ጆሮ በኩል ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ እያልኩት ሄድኩ፤ እሱ መንገዱን ያያል።