የድኩላዋ መኝታ

«ነይ ውጪ ድኩላ፣ ነይ ውጪ ከዱሩ፣
ውሃው ይጠብቅሻል ቀዝቅዞ ከዳሩ፣
እኔስ አልነካሽም…»

እዚህ ላይ ዜማው ይቀጥላል፣ ቃሉ ግን ይጠፋል። ብዙነህ የቀረውን «እም… እም…» እያለ በአፍንጫው ይሞላዋል። ዘፈኑ የሚስቱ የፀገነት ነበር። ቤሪያ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ሊፍቱ ከተበላሸ ዓመታት ባለፉት ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ ልብስ ስታጥፍ ታንጎራጉረዋለች፤ ሽንኩርት ስትልጥ ታንጎራጉረዋለች። አንድም ቀን «መጨረሻው እንዴት ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። ዘፋኟ ቤቱ እያለች ግጥሙን ማን ይሸመድዳል? አሁን እሷ የለችም። እሱም ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ፣ ከማጋሊስበርግ ተራራ ግርጌ፣ ሣር በተከደነች ጠባብ መደበቂያ ውስጥ ቀስት ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ያችኑ ግማሽ ዘፈን ይዟል።

«ቱላ!» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ። ዝም በል ማለቱ ነው። «ልትገድላት ነው የመጣኸው ወይስ ልታገባት?»

ሽማግሌው ሲፖ ይባላል፤ በእርሻው ያለ ሁሉ ግን «ማዳላ» ይለዋል፣ አባባ እንደ ማለት። ዕድሜውን በሙሉ የእንስሳት ዱካ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ብዙነህ ደግሞ ከኮሮናው በፊት ጄፒ መንገድ ላይ ብርድ ልብስና የልጆች ካልሲ ይሸጥ ነበር። «ሁሉም ቤቱ ይቀመጥ» የተባለ ጊዜ ሱቁ ተዘጋ፤ ሲከፈት ደንበኛው አልተመለሰም። ከድሮ ደንበኞቹ አንዷ የማዳላ ልጅ ነበረችና «አባቴ ያለበት እርሻ አጥር ጠጋኝ ይፈልጋል» ብላ ላከችው። እርሻው የዱር እንስሳ የሚረባበት፣ ሰዎች ከባሕር ማዶ እየመጡ በቀስት ብቻ የሚያድኑበት ነው። በረራው ሲቆም አዳኞቹ ቀሩ፣ እንስሶቹ በዙ፣ ሣሩ አነሰ። ስለዚህ ባለቤቱ በዚያ ዓመት ክረምት ለየሠራተኛው አንዳንድ እንስሳ ፈቀደ፤ በቀስት፣ ማዳላ ባለበት ብቻ።

ብዙነህ በአርባ ስምንት ዓመቱ ቀስት ሀ ብሎ የጀመረው እንዲህ ነው።

ሥጋው ለፀገነት ነበር። ጥምቀት ዕለት ነው የሞተችው። አርባዋ ሲደርስ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነበር፤ ሰማንያዋም እንደዚያው አለፈ። ሙት መንፈቋ ሐምሌ አሥራ አንድ፣ እሑድ ይውላል። ያን ሳምንት ደግሞ ከተማው ውስጥ ሱቅ ሲዘረፍ፣ ሲቃጠል ሰንብቶ ሥጋ ቤቶች ሁሉ ጥርቅም ብለው ተዘግተዋል። ዱርንፎንቴን የምትኖረው የፀገነት ታላቅ እህት ድንቅነሽ ስልክ ደውላ ቁርጡን ነግራዋለች።

«ብዙ፣ አርባዋን ዋጥኩ። ሰማንያዋን ዋጥኩ። ይኼን አልውጥም። ሰው ሁለትም ይሁን ሦስት፣ የእህቴ ስም በዝክር ይጠራል።»

«አመጣለሁ አልኩሽ እኮ፣ እትዬ ድንቅነሽ።»

«በስመ አብ ተብሎ የታረደ ነው ታዲያ! ተወግቶ የወደቀ እንዳታመጣብኝ።»

ቄሱንም በስልክ ጠይቋል። ድኩላ ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው፣ ታመሰኳለች፣ ትበላለች፤ ብቻ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰህ ባርከህ እረዳት አሉት። ብዙነህ ቢላውን ስሎ ወገቡ ላይ አሰረ። ይህን ሁሉ ለማዳላ አልነገረውም። የተወጋች ድኩላ ባለችበት ዘፍ የምትል መስሎት ነበር።

ማዳላ የመጀመሪያውን ወር ቀስቱን አላስነካውም። «ተመልከት» ነው ያለው። በአሮጌ ካልሲ አመድ ቋጥሮ ሰጠው፤ ካልሲዋን ሲያራግፏት አመዱ በሚሄድበት ነፋሱም ይሄዳል። ድኩላ ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን ታምናለች። ውሃው ጋ ስትደርስ አንገቷን ደፋ አድርጋ የምትጠጣ ትመስላለች፤ ውሸቷን ነው፣ ቀና ብላ ታፈጣለች። ሁለቴ ሦስቴ አታልላ፣ ከዚያ ነው ከንፈሯ ውሃ የሚነካ። አንድ ጆሮዋ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ከሆነ ተረጋግታለች። ሁለቱም ወደ አንተ ከዞሩ ትንፋሽህን ዋጥ። የፊት እግሯን መሬት ላይ ከመታች ነቅታብሃለች። እንደ ውሻ ከጮኸች ደግሞ ቀኑ አልቋል፣ ቤትህ ግባ።

«አንተ የሱቅ ሰው» ይለዋል ማዳላ፣ በእንግሊዝኛና ብዙነህ ከደንበኛ በለቀማት ዙሉ መካከል። «ድኩላ ደንበኛ አይደለችም። ነይ ግቢ፣ እንቀንስልሻለን ብለህ አትጠራትም።»

«ደንበኛም ስትጠራው ይሸሻል፣ ማዳላ። ዝም ስትለው ነው የሚገባ።»

«ታዲያ ለምን ታንጎራጉራለህ?»

ብዙነህ የአመዷን ካልሲ አንስቶ ያራግፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ቆሞ ዳቦውን ሲገምጥም ሽማግሌው እንዲሁ ይነካካዋል፦ «ፈረስ ነህ? ቁጭ ብለህ አትበላም?» ብዙነህ ዳቦውን እንደቆመ ይጨርሳል።

ከብዙ ቀን መመልከት በኋላ አንዷን ለየ። ግራ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ግልገል የሌላት አሮጊት ድኩላ ነበረች። ከጫካው አፍ ቆማ ለረጅም ጊዜ ታስባለች፤ ከዚያ ልክ ወንዝ ወርዳ እንደምትቀዳ ሴት ቀስ ብላ በዚያችው ቀጭን መንገድ ትወርዳለች። ብዙነህ ስትመጣ ደስ ይለው ጀመር። ሳትመጣ ስትቀር ይከፋዋል። ማዳላ አየና «አሁን ለመድካት፤ አሁን ነው የሚከብድህ» አለው።

ዓርብ ዕለት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣች። በዚያ አገር ሐምሌ ደረቅ ብርድ ነው፤ የውሃው ዳር ስስ በረዶ ይዟል። አንዴ አታለለች። ሁለቴ አታለለች። ከዚያ ከንፈሯ ውሃ ነካ፣ የፊት እግሯም ወደ ፊት ሄደ። ብዙነህ ሳበና ለቀቀ። ድኩላዋ የአውታሩን ድምፅ ሰምታ ጎንበስ በማለቷ ፍላጻው ካሰበው ቦታ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ገባ። ጀርባዋን አጉብጣ ዘለለች፣ ቁጥቋጦውም ዋጣት።

ማዳላ ወጥቶ መሬቱን አየ። ደሙን በጣቱ ነካ አድርጎ ለፀሐይ አሳየ፤ ጠቆር ያለ ነበር።

«ጉበት ነው» አለ። «ትሞታለች፣ ግን በራሷ ጊዜ። ካልተከተልናት ሩቅ አትሄድም። አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። ና፣ ቁጭ በል፣ ሻይህን ጠጣ፣ ዳቦህን ብላ።»

«ነፍሷ ሳይወጣ መድረስ አለብኝ! ባርኬ ማረድ አለብኝ!» አለ ብዙነህ ቢላውን ይዞ።

ማዳላ ቢላውን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ይህን ዛሬ ነው የምትነግረኝ? በእጅህ ልታርዳት የፈለግህ ሰው ከሩቅ ለምን ወጋሃት? አሁን አልፏል። ቁጭ በል።»

ቁጭ በል፣ ብላ፣ ጠብቅ። እነዚህን ሦስት ቃላት ብዙነህ ቀደም ሲል ሰምቷቸዋል።

በጥር፣ ፀገነት ትንፋሽ ሲያጥራት ሆስፒታል አስገባት፤ ከበሩ ወዲያ ማለፍ ለማንም አይፈቀድም ነበር። ሁለት ቀን አጥሩ ሥር ካርቶን ላይ ተኮራምቶ ሰነበተ። በሦስተኛው አንዲት ነርስ በስልክ «አባ፣ እዚህ ሆነህ የምታደርግላት ነገር የለም። ቤትህ ሂድ፣ ቁጭ ብለህ ብላ፣ ጠብቅ፣ እንደውላለን» አለችው። ድንቅነሽ መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችው፤ ሳህን አቀረበችለት። የመጀመሪያውን ጉርሻ እንዳነሳ ስልኩ ጮኸ። ማንም እጇን ሳይዝ፣ ማንም ስሟን ሳይጠራ ሄዳለች፤ እሱ ደግሞ እየበላ ነበር። ከዚያን ዕለት ወዲህ ተቀምጦ በልቶ አያውቅም።

ሻዩን ደፋው። ማዳላ «ምፎ! ወንድሜ! ተው!» ሲለው ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቷል። እሾሁ ጃኬቱን ይቀደዋል፣ እሱ ይሮጣል፤ «መጣሁ! መጣሁ!» ይላል፣ በአማርኛ፣ ለማን እንደሚል ሳያውቀው። ትንሽ እንደገባ ፊት ለፊቱ አንድ ነገር በርግጎ ተነሳ። ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ ድንጋይ ተንከባለለ፣ ኮቴ ወደ ገደሉ አፍ ራቀ። ከዚያ ዝም።

ማዳላ ደረሰበት። አልተቆጣም፤ ያ ነው የባሰው። ጉልበቱን አጥፎ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር የተደላደለውን ሣር አሳየው። ሣሩ የሰውነት ቅርጽ ይዟል፣ መሃሉ ላይ ደም አቁሯል፣ ዳሩ ላይ ቀይ ጠጉር ቀርቷል። ውሃው በቅጠሉ መሃል ይታያል፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር።

«መኝታዋ ነው» አለ። «አየህ? እግሯን አጥፋ፣ ፊቷን ወደ መጣችበት መልሳ ተኝታ ነበር። የፈራች ድኩላ እንዲህ አትተኛም። አልፈራችም ነበር። እያንቀላፋች ነበር። ያስነሳናት እኛ ነን።»

«እኛ» ማለቱ የሽማግሌ ደግነት ነው።

ቀኑን ሙሉ ተከተሏት። ደሙ አንዳንድ ጠብታ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ፣ በድንጋይ ላይ እንደገና ተገኘ። ማዳላ እያንዳንዱን ጠብታ በእንጨት ጫፍ እየነካ ይሄዳል፤ ብዙነህ ከኋላው ይጎተታል፣ ያ ዘፈን እንኳን ከአፉ ጠፍቷል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አገኟት። አጥሩ ጋ ነበረች። ብዙነህ ራሱ በግንቦት ያጠበቀው ሽቦ ላይ ደረቷን አስደግፋ፣ ዓይኗ እንደተገለጠ ሞታለች። ገላዋ ገና ይሞቃል።

ቢላውን መዘዘ። «በስመ አብ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ለሞተ ነገር ምን ይባረካል? ቢላውን መሬት ላይ ጥሎ መዳፉን አንገቷ ላይ አሳረፈ፣ ገላዋ እስኪበርድ አላነሳውም። ስለ ፀገነት ለማዳላ የነገረው ያኔ ነው፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ጉርሻው።

ማዳላ የወደቀውን ቢላ አንስቶ በሣር ጠረገና «ሮጠህ ብትገባ ኖሮ ያስገቡህ ነበር?» አለው።

«አያስገቡም።»

«እኔንም አላስገቡኝም» አለ ሽማግሌው። ስለ ማን እንደሚናገር አልገለጸም።

ድኩላዋን ተሸክመው ወረዱ። ማዳላ አንዱን ታፋ በጆንያ ጠቅልሎ «ውሰድ። ከተማ ያለችው ሴትዮ በምን ታውቃለች? እኔ አፌ አይከፈትም» አለው። ብዙነህ ጆንያውን ተቀበለ። ከብዶ፣ መልካም ሥጋ ነበር። ሲመሽ ወደ ሠራተኞቹ ቤት ሄዶ ከሌላው ሥጋ ጋር ደባለቀው። ደመወዛቸው የተቆረጠ ሰዎች ነበሩ፤ ልጆቹ እሳቱን ከበው ሥጋው እስኪበስል አልታገሱም። «የማን ነው?» አሉ። ማዳላ «የሚስቱ ነው» አላቸው፣ ከዚያም ወደ ብዙነህ ዞሮ «ስሟን ንገረኝ» አለው። ነገረው። ሽማግሌው አፉ ላይ እያገላበጠ፣ እያሳሳተ፣ ሦስት ጊዜ ጠራት።

እሑድ ቤሪያ ደረሰ። ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ ወጣ። ከዱርንፎንቴን ቀድማው የመጣችው ድንቅነሽ ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ በሩ ላይ ጠበቀችው፤ ዓይኗ እጁ ላይ ነው።

«የታለ?»

«የለም፣ እትዬ። ሳልደርስባት ሞተች። ሰጥተውኝ ነበር፣ ላታልልሽ ትንሽ ቀረኝ።»

ሁሉንም ነገራት። ፊቷ ጨለመ። ከዚያ «ማን በላው?» አለች።

«የእርሻው ሰዎች። ልጆቻቸው።»

«የተራቡ?»

«የተራቡ።»

«ስሟ ተጠራ?»

«ተሳስተው ጠሯት። ግን ጠሯት።»

ድንቅነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ያዘች። «ዝክር ለእኔና ላንተ ሆድ ነው እንዴ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ አላመንኩህም ነበርና ምስር ሠርቻለሁ። ግባ፣ ብርዱን አታስገባብን።»

ሰው አልነበረም፤ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጸሎት አደረሱ። እንጀራውን በሳህን ሰጠችው፤ እንደ ልማዱ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ቆመ።

«ዛሬም?» አለች።

«ስልኩ ሲጮህ እየበላሁ ነበር…»

«አውቃለሁ። ወንበሩን የሳብኩት እኔ ነኝ። ብላ ያልኩህ እኔ ነኝ። ስድስት ወር ሙሉ ከፊቴ ስትቆም እኔን የምትቀጣ ይመስለኛል፣ ብዙ። የምትፈርድ ከሆነ በእኔ ፍረድ፤ ወንበሩ ምን አደረገህ?»

ይህን አስቦት አያውቅም። ሳህኑን እንደያዘ ዞረ። ሴትዮዋ በስድስት ወር ውስጥ አርጅታለች።

«እትዬ» አለ፣ «ያ ዘፈኗ… የድኩላው። መጨረሻው እንዴት ነበር?»

«የእናታችን ነው። ስታስተኛን የምትለው።» ድንቅነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፅዋ የፀገነትን አይመስልም፣ ሻካራ ነው።

«እኔስ አልነካሽም፣ ቁጭ ብዬ ከበሩ።»

ብዙነህ መልሶ በሹክሹክታ አለው፣ አንዴ። ውጭ፣ ታች መንገዱ ላይ፣ ታክሲ ጥሩንባ ይነፋል። ወንበሩን በእግሩ ሳብ አደረገና ቁጭ አለ። ምስሩ በርዶ ነበር። እንጀራውን ቆርሶ ጠቀለለ፣ ትንሽ ያዘው፣ ስልኩ ወዳለበት ሳያይ ጎረሰ።