ሆዴን ፈርቼ የጾምኩት ሁዳዴ

ባለፈው ሁዳዴ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈራችን እኔን የሚያህል ጾመኛ አልነበረም። ለመመካት አይደለም፤ የጾምኩት ምግብ ፈርቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በገና ነው። በልቼ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እምብርቴ ዙሪያ እንደ ታጠበ ጋቢ ይጠመዘዛል። በእኛ አገር ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ስለሆነ፣ ራሴው ሐኪም ሆኜ ጨጓራ ነው አልኩ፣ ተልባም አዘዝኩ። አልተሻለኝም። ኋላ ግን አንድ ትልቅ ነገር ደረስኩበት፤ ካልበላሁ አያመኝም! ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ወረቀት ያገላበጠ ሰው ጥበቡ እዚህ ድረስ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ለባለቤቴ "ዘንድሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምጾመው" አልኳት። ማታም ሁለት ጉርሻ ቀምሼ እነሳለሁ። ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። ጎረቤቱ ደግሞ "ምነው ጋሼ፣ ሊመንኑ ነው እንዴ? ለእኛም ይጸልዩልን እንጂ" ይለኛል። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "እግዚአብሔር ይርዳን" እላለሁ። ጾመኛው ከቢሮው ጀርባ ሲጋራ እንደሚያጨስ ማን ያውቃል? አይ ጉድ!

ባለቤቴ አስተማሪ ናት። "አንተ እንዲህ እየጾምክ እኔ በስድስት ሰዓት ልብላ? ነውር ነው" ብላ እሷም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መጾም ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ቆማ አስተምራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ትወድቅ ነበር። እውነቱን ብነግራት ሐኪም ቤት ትጎትተኛለች ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ቅድስናው ጣፍጦኝ ነበር።

ለፋሲካ ኮላ ድባ ከተማ የሚኖረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ቤት ሄድን። ጾሙ አልቋል፤ መሸሸጊያ የለኝም። ወንድሟ አጎረሰኝ። በቃኝ ስለው "ኧረ አያ፣ አንድ ያጣላል!" ብሎ ሁለት ደገመኝ። ብዙም ሳይቆይ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ስንከባለል በጎቹ ሳይቀሩ ቆመው አዩኝ።

ጎንደር ተመልሰን ሆስፒታል ገባሁ። ወጣቷ ሐኪም ሆዴን አዳምጣ የደም ሥሬን በሲቲ ስካን አሳየችኝ።

"ጨጓራ አይደለም" አለች። "ወደ አንጀትዎ ደም የሚወስደው የደም ሥር ጠቧል። ሲበሉ አንጀትዎ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ሲያጣ ያምዎታል። ጭራሽ ከተዘጋ ሕይወትዎን ያሳጣዎታል። ለመሆኑ ምግብ መፍራት የጀመሩት መቼ ነው?"

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። "ከገና ጀምሮ" አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ።

ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ፤ እዚያ በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተው የጠበበውን የደም ሥር በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ከፈቱት፤ እንዳይዘጋም ትንሽ የብረት ቱቦ አስቀመጡበት። ሲጋራ ድርሽ እንዳይል፣ ኪኒን በየቀኑ፣ ምግብ ጥቂት ጥቂት በቀን አምስት ጊዜ ተባልኩ። የንስሐ አባታችንም በጾም እንድበላ ፈቀዱልኝ። እናም ፍልሰታ ሲገባ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲጾም ያ ቅዱስ ሰውዬ በጠዋት ገንፎውን ይዞ ቁጭ አለ።

ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። በላሁ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ አላመመኝም።

"ሆዴ እንኳ ይቅር ብሎኛል፤ አንቺስ?" ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀችም። "በሁዳዴ" አለች፣ "እንደ ባሌ መጾም ከበደኝ፣ እምነቴ ደካማ ነው ብዬ አባታችን ፊት አልቅሼ ተናዝዣለሁ። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው?"

አፈርኩ። ነጠላዬን ለብሼ፣ እውነቱን ራሴ ልናዘዝ ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሄድኩ።