ሐኪም የመረጠልኝ ሰው

ሽንት አልወርድ ሲለኝ ምስጢሬን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ባለቤቴን እንኳ ስኳር ሳይሆን አይቀርም ብዬ አታልያታለሁ። ሰውየው አብሮ አደጌ ነው፤ ጂንካ ላይ በአጥር ነበር የምንዋሰነው። የእኔ አባት ከሰሜን የመጣ ነጋዴ፣ የእሱ አባት የአሪ ገበሬ። እኔ የእነሱን ቆጮ እየበላሁ፣ እሱ ከእኛ ጋር ፋሲካን እየፈሰከ አደግን። በኋላ ጤና ረዳት ሆነ፤ ሰፈርተኛው ሲታመም መጀመሪያ የሚያማክረው እሱን ነው።

እኔም አማከርኩት። ፕሮስቴት ሊሆን ስለሚችል የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ቢያየኝ እንደሚሻል ነገረኝ። ሐዋሳ ስላለው ስመ ጥር ሐኪም ስጠይቀው ፊቱን ቋጠር አደረገ።

"እሱ ቢላ ይወዳል" አለኝ። "አርባ ምንጭ አንድ ጎበዝ ስፔሻሊስት አለ፤ አደራ እለዋለሁ።"

አመንኩት። በየመንገዱ ሹፌሩን አቁምልኝ እያልኩ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ጠብታ ስጠብቅ ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እየሰማሁ አርባ ምንጭ ተመላለስኩ። ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነው፤ "አባባ" ነው የሚለኝ። ቧንቧው ጠቧል ብሎ በብረት አሰፋልኝ። ከዚያ ወዲህ ደም መጣ። ለአብሮ አደጌ ስነግረው ቁስሉ እስኪደርቅ ታገሥ አለኝ። ታገሥኩ።

አንድ እሁድ ጭራሽ ተዘጋ። ጂንካ ሆስፒታል ያገኘኋት ወጣት ሐኪም ከእምብርቴ በታች በስታ ቱቦ አስገባችልኝና ማን እንዳከመኝ ጠየቀችኝ። ስነግራት አንገቷን ደፋች። የአርባ ምንጩ ሐኪም ከእሷ ጋር ነው የተማረው፤ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ ስፔሻሊስት አይደለም። ወደ ሐዋሳ ላከችኝ። አብሮ አደጌም ተታሎ ይሆናል፣ ስመለስ እንዳይደነግጥ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሐዋሳ፣ የዚያ ስመ ጥር ሐኪም በር ላይ፣ አብሮ አደጌን ከሚስቱ ጋር ወረፋ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት።

ሚስቱ ምንም አታውቅም፤ ደስ ብሏት ተነሥታ ሳመችኝ። እሱ እዚሁ ኦፕራሲዮን ከሆነ ዓመት እንዳለፈው፣ አሁን ለክትትል እንደመጡ፣ የሐኪሙ እጅ የተባረከ እንደሆነ አወራችኝ። ቢላ ይወዳል ሲለኝ የራሱ ስፌት ድኖ ነበር ማለት ነው።

ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ።

"የአርባ ምንጩ የእህቴ ልጅ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ክሊኒክ ከፍቶ በሽተኛ አልመጣለት አለ። እናቱ ለመነችኝ።"

"አንተስ ለምን እሱ ጋ አልታከምክም?"

ስሜ ተጠራ፤ ትቼው ገባሁ።

ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ከፈተኝ፤ አንዱ ለበሽታው፣ አንዱ ብረቱ ላበላሸው። ዳንኩ። ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ አብሮ አደጌ ማር ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ባለቤቴ ያደረገውን ስላልነገርኳት ወንበር አቀረበችለት። እኔ እንቅልፍ የወሰደኝ መስዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ብዙ ተቀመጠ። ሊሄድ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ፣ በልጅነታችን በምንጫወትበት በአሪኛ፣ ይቅር በለኝ አለኝ።

ሰምቼዋለሁ። ዓይኔን አልገለጥኩም።