የአንኮበር ጠጅ ቤት አፍንጫ

አንኮበር ግቢ ጠጅ ቤት የገባሁ ዕለት የሰጡኝ ሙቀጫና ዘነዘና ነው። ከሰላ ድንጋይ የመጣሁ ቀጫጫ ነበርኩ። ጌሾ ውቀጪ ተባልኩ፤ ረፋድ ሳይሆን ክንዴ ዛለ። አጠገቤ የምትወቅጠው የመዘዞዋ አስካለ፣ "አንቺ፣ ጌሾውን ትወቅጪዋለሽ ወይስ ታባብዪዋለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋን ስትጨርስ ግን ድርሻዬን ወቀጠችልኝ።

የሴቶቹ አለቃ እትዬ በላይነሽ ክንዴን አይተው ወደ ጋን አጠባ አወረዱኝ። ጋን በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ፀሐይ ላይ ይደፋል፣ ከደረቀ በኋላ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አንኮበር ግን ጉም እንጂ ፀሐይ መች አላት? ሴቶቹ ቸኩለው ሳይደርቅ ያጥኑታል። ያን ጊዜ ጭሱ የከረመውን ሽታ ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

አንድ ቀን የታጠነ ጋን ላቃና ሳጎነብስ አንድ ሽታ መታኝ።

"እትዬ፣ ይሄ ጋን ጠጅ ያበላሻል" አልኩ።

"ማን ነገረሽ?"

"ይሸተኛል።"

አጎንብሰው አሸተቱ፤ የሸተታቸው ወይራ ብቻ ነው። ጠንቃቃ ሴት ነበሩና ጥቂት ብርዝ ጨምረው አስቀመጡት። ሲከፍቱት ሆምጥጧል። ከዚያ ወዲያ ጠጅ የሚጣልበት ጋን ሁሉ በእኔ አፍንጫ ያልፍ ጀመር። ለምንም አልረባም ስል ከርሜ ሙያዬ ፊቴ ላይ ኖሯል! በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

ሲቆይ አስካለ "እኔንም አስተምሪኝ" አለችኝ። እትዬ በላይነሽ ሰሙ።

"ሙያ በልብ ነው" አሉኝ። "አፍንጫሽን ካከፋፈልሽ ለአንቺ ምን ይቀርሻል? ነገ እሷን ሾመው አንቺን ወደ ሙቀጫሽ ይመልሱሻል።"

ፈራሁ፤ እውነታቸውን ነበር። የጠጅ ቤት ሴት ያወቀችውን ለልጇ እንጂ ለባልንጀራዋ አትሰጥም። እኔ ልጅ የለኝም፣ አስካለ ደግሞ ያን ዕለት ድርሻዬን የወቀጠችልኝ ናት። አስተማርኳት።

በጠዋት፣ እህል ሳትቀምስ ትመጣለች። ፀጉሯን ቅቤ አትቀባም፤ ቅቤ የተቀባች ሴት ከራሷ ሌላ አይሸታትም። በፀጉሯ ትኮራ ስለነበር ይሄኛው አስለቀሳት። ጋኑ አፍ ላይ ተደፍታ እፍ ትላለች፣ ተመልሶ የሚወጣውን አየር ትስባለች። መጀመሪያ ወይራው ይመጣል፤ እሱን ማሳለፍ ነው። ከኋላው እርጥብ የፍየል ቆዳ የመሰለ ሽታ ከተከተለ ጋኑ እንደገና ይታጠባል።

ለመስቀል ግብር ጠጅ የሚጣልበት ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። ሽንኩርት ከፊቴ ቢከትፉ አይሸተኝም። ያ ጠጅ ከተበላሸ እትዬ በላይነሽም እኛም ከግቢ እንባረራለን። ሄጄ ነገርኳቸው።

"ዛሬ ነው የምትነግሪኝ!" አሉ።

"አስካለ ታሽት።"

"እንቢ አልሽኝና አስተማርሻት?"

"አስተማርኳት፣ እትዬ።"

መንገድ ለቀቁላት። አስካለ ጋኖቹን እያሸተተች አሳለፈች፤ ትልቁ ላይ ስትደርስ ግን ራሷን ነቀነቀች። እሱን እትዬ በላይነሽ በገዛ እጃቸው ነበር የሚያጥቡት። ፊታቸው ጠቆረ። "ብርዝ አምጡ" አሉ። የእሳቸውም ጋን እንደ መጀመሪያው ጋን ብርዙን አሆመጠጠው። ታጥቦ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ ከዚያ ጠጁን ጣሉ።

ግብሩ በሰላም አለፈ። የግቢው አዛዥ "ጋኑን የመለሰችው የትኛዋ ናት?" ብለው አስካለን አስጠሩ፤ አሽታችነቱ ለእሷ ተሰጠ። ጉንፋኑ ቢለቀኝም አፍንጫዬ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ቀናሁባት፤ ጓዳ ገብቼም አለቀስኩ። እትዬ በላይነሽ እንዳሉት ወደ ሙቀጫዬ ተመለስኩ።

ዘነዘናውን ገና ሳነሳ አስካለ መጥታ ነጠቀችኝ።

"አንቺ ከማባበል በቀር አትችዪም! ተነሺ፣ እነዚህን ሴቶች እኔን እንዳስተማርሽኝ አስተምሪያቸው። እኔስ ጉንፋን አይዘኝም?"

እሷ ደህናውንና መጥፎውን ጋን ትለይልኛለች፣ እኔ አተነፋፈሱን አሳያለሁ። ግቢው ወደ እንጦጦ ሲነሳ አስካለ አብራ ሄደች። ጋን የሚያሸቱ ሴቶች እዚያም እዚህም ቀሩ፤ እኔም አንኮበር እስካረጅ ሳስተምር ኖርኩ።

አንድ አፍንጫ ብቻ ያለው ጠጅ ቤት በአንድ ጉንፋን ይዘጋል።